ለማን ማለ

«ሦስት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ነው አሉ የሚምሉት።»

«ኧረ ቀስ በይ! እናትየዋ እኮ እዚሁ ናት።»

እታገኘሁ ሰምታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከድንኳኑ ጥግ ከተቀመጠች ጀምሮ ከዓይኗ ይልቅ ጆሮዋ ነበር የሚሠራው። ሰው ሲገባ አብራ ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ጋብ ሲል ሹክሹክታውን ትለቅማለች። ልጇን ሙሉሰውን የቀበረችው ትናንት ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ይገባል፣ «ነፍስ ይማር» እያለ ይወጣል። እሷ ግን ያንን ቃል በሰማች ቁጥር ራሷን ትጠይቃለች። ይማር ይሆን?

መንደሩ ከገነተ ማርያም በላይ ነው። ከድንኳኑ በታች ባለው መንገድ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጡ ምዕመናን ነጭ ለብሰው፣ ስንቃቸውን አዝለው፣ እየዘመሩ ያልፋሉ። ድንኳኑን ሲያዩ ዝማሬውን ያቋርጣሉ። አንዳንዶቹ ጎራ ብለው፣ በስሙ እንኳ ለማያውቁት ሰው አልቅሰው ይሄዳሉ።

ባሏ ቄስ ኃይለ ማርያም ከወንዶቹ መሐል ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። በቀብሩም ላይ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እሳቸው ከቅጽሩ ውጭ የጽድ ግንድ ተደግፈው ቆመው ነበር። ሰው «ሐዘኑ ጸንቶባቸው ነው» አለ። እታገኘሁ ግን ምክንያቱን ታውቃለች። ከእግዚአብሔርና ከቤቱ ሦስት ሰዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ከሦስቱም አንዱ አሁን አፈር ውስጥ ነው።

ሙሉሰው መምህር ነበር። አምና ክረምት ደሴ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ካኪ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ስካርፍ አስሮ መጣ። ስካውት የሚባል ክበብ ሊያቋቁም መሆኑን ነገራት። ልጆቹን ሰብስቦ ገመድ አስተሳሰር፣ ቁስል አጠጋገን ያስተምራቸው ጀመር። የተራቆተው ገደል ላይ ችግኝ አስተከላቸው። ለገና ከሩቅ አገር የሚመጡትን ምዕመናን እግር የሚያጥቡ፣ ሽማግሌ ደግፈው መንገድ የሚያሳዩ ልጆች ሊያደርጋቸው ነበር ሐሳቡ። እታገኘሁ ደስ ብሏት ነበር። ነገሩ የተበላሸው አንድ ምሽት፣ እራት ቀርቦ ሳለ ነው።

«ቃል መግባት አለው፣ አባባ» አለ ሙሉሰው።

«ምን የሚል ቃል?»

«ለእግዚአብሔርና ለአገሬ ያለብኝን ግዴታ እወጣለሁ፣ ሰውን ሁሉ እረዳለሁ፣ የስካውትን ሕግ እጠብቃለሁ የሚል።»

«የሚያስምለው ማነው?»

«መሪ አለ፤ ከደሴ ይመጣል።»

ቄስ ኃይለ ማርያም እጃቸውን ከመሶቡ ሰበሰቡ። «አንተ በጥምቀትህ ቀን ቃል ገብተሃል። አፍ ስላልነበረህ ክርስትና አባትህ ገባልህ። ከዚያ ወዲያ ያለ ቃል ሁሉ ለሌላ ጌታ ነው።»

«ሌላ ጌታ የለበትም፣ አባባ። እግዚአብሔር ነው መጀመሪያው ላይ ያለው።»

«አረጋም እንዲሁ ነበር ያለኝ።»

አረጋ የቄስ ኃይለ ማርያም ታናሽ ወንድም ነበር። በደርግ ጊዜ ከተማ ሲማር አንዱ ማኅበር እጁን አስነስቶ አስማለው፤ ሌላው ደግሞ ለዚያኛው ስለማለ ወሰደው። እናታቸው ሬሳውን ሳያገኙ ሞቱ። በዚያ ቤት ስሙ ለዓመታት ተነስቶ አያውቅም።

«የእኔና የአጎቴ ነገር አንድ አይደለም» አለ ሙሉሰው፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «እንዲያ እየፈራን እስከ መቼ እንኖራለን?»

ያን ጊዜ ቄስ ኃይለ ማርያም ቆሙ። «እጅህን አንስተህ ለሰው የማልክ እንደሆነ፣ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ!»

ሙሉሰው የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ኖረ፤ እናቱን የሚጠይቃት አባቱ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቆ ነበር። እታገኘሁ ባሏን «ይፍቱልኝ» እያለች እግራቸው ላይ ወድቃለች። «ትቼዋለሁ ይበለኝና እፈታዋለሁ» ይሏት ነበር። እሱም አላለም፣ እሳቸውም አልፈቱም። እንዲህ እንዳሉ የገና በዓል ሲቃረብ ምዕመናን የጫነ አይሱዙ ከቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሙሉሰውና ልጆቹ ለመንገደኛ ውኃ ሊያቀርቡ እዚያው አቅራቢያ ነበሩና ገመድ ጥለው ሰው ማውጣት ጀመሩ። ብዙ ሰው አወጡ። መኪናው ግን ድንጋዩ ሲከዳው እንደገና ተንከባለለ፤ ሙሉሰው ከሥሩ ነበር። ለእታገኘሁ የተነገራት ይኸው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጸጥታ ሰው አዝመራው ከአጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። የድንኳኑን ቋሚዎች ተሸክመው ካመጡት የቅሬው ዕድርተኞች አንዱ እሱ ነበር።

«እትዬ እታገኘሁ፣ ይህን በሐዘን ላይ ማንሳቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለ በሹክሹክታ። «ከላይ እየጠየቁኝ ነው። ከምርጫው ግርግር ወዲህ ወጣት ተሰብስቦ አንድ ዓይነት ለብሶ ሲታይ ዝም አይባልም። ሙሉሰው የማለው ለማን ነው? ልጆቹንስ ለማን ነው ያስማላቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ወንድሜ።»

«ነገ ለሳልስቱ ያንን ልብሳቸውን ለብሰው ሊመጡ ነው ይባላል። ይምከሯቸው። ባይመጡ ነው የሚሻለው። ሁሉም የማውቃቸው ልጆች ናቸው።»

ማስፈራራቱ ይሁን መለመኑ አልገባትም። ቀና ብላ ስታየው የእሱም ከንፈር ደርቋል። የሰማይም የምድርም ጠያቂ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣብኝ ብላ አሰበች፤ ለማን ማለ?

ተነስታ ከጓሮ ወጣች። ቄስ ኃይለ ማርያም ከድንጋይ አጥሩ ሥር ብቻቸውን ቆመው አገኘቻቸው።

«አባ፣ ይፍቱልኝ ልጄን።»

«ምኑን ልፍታው?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ካልማለ የያዘው ግዝት የለም። ከማለ ደግሞ…»

አልጨረሱትም። እሷም እንዲጨርሱት አልፈለገችም። እናቷ በልጅነቷ የነገሯት ትዝ አላት፤ ግዝት የያዘው ሰው ሳይፈታ ከሞተ አፈር አይበላውም፣ ሥጋው እንደ ቆዳ ደርቆ ይኖራል። ቀዝቃዛው አፈር ውስጥ ልጇ ዓይኑን ገልጦ የሚጠብቅ መሰላት። መማል አለመማሉን ልታጣራ እዚያው ቆማ ወሰነች። ሐዘንተኛ ከለቅሶ ቤት አይወጣም፤ እሷ ግን የባሏን እህት ስሜነሽን «መቃብሩን ልየው» ብላ ይዛት ወጣች፤ መንገድ ላይ ሲደርሱ ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ታጠፈች። ስሜነሽም ከኋላዋ ተከተለቻት።

ፅናት የሙሉሰው ተማሪና የክበቡ ረዳት ነበረች። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ገመዱ ሁለቱን መዳፎቿን ስለላጣቸው በጨርቅ ጠቅልላቸዋለች። እታገኘሁን ስታይ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ሊወቅሷት የመጡ መስሏት።

«አትፍሪ፣ ልጄ» አለች እታገኘሁ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምሏል?»

ፅናት ስሜነሽን አየች፣ መሬቱን አየች። «እኛ ምለናል፣ እማማ። መሪው ከደሴ የመጣ ዕለት ሜዳው ላይ ተሰልፈን፣ ባንዲራው ፊት። ያለማመደን እሱ ነው። የእሱ ተራ ሲደርስ ግን እጁ አልነሳ አለው።»

«አልማለም?»

«‹እኔ አልምልም፤ አባቴ አልፈቀዱልኝም› አለ፣ ሁላችን ፊት። መሪው ‹እንግዲያ ስካርፉን ማሰር አትችልም› ሲለው ፈትቶ ሰጠው። አንዳንዶቻችን ስቀንበታል። ከዚያ በኋላ ያለ ስካርፍ ነው ሲያስተምረን የከረመው። ለምን አትተወውም ስንለው፣ ‹አባቴ የሚፈቅዱልኝ ቀን አለ፣ እስከዚያ እጠብቃለሁ› ይለን ነበር።»

እታገኘሁ ደረቷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት ግን ፅናት ማልቀስ ጀመረች፤ ነገሩ ገና አለማለቁ የገባት ያኔ ነው።

«ሌላ አለ?»

«ገደሉ ላይ… አንዲት አሮጊት እግራቸው መኪናው ሥር ተይዞ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቷል። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ‹ውጣ! ውጣ!› አልነው። አሮጊቷ ‹ልጄ፣ ትተኸኝ አትሂድ› አሉት። ገመዱን በአንድ እጁ እንደያዘ…»

«እጁን አነሳ?»

«አነሳ፣ እማማ። ሌላኛውን እጁን አንስቶ፣ ‹በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ ትቼዎት አልሄድም› አላቸው። እግራቸውን ፈልቅቆ ወደ እኛ ገፋቸው። እኛ ሳብናቸው። እሱን ግን…» የተጠቀለለ መዳፏን ዘረጋች። «ገመዱ እዚህ ድረስ ነበር። ያዝኩት እኮ፣ እማማ። ይዤው ነበር።»

እታገኘሁ ተነስታ የልጅቷን ጭንቅላት ደረቷ ውስጥ ከተተች። ለልጅቷ እያዘነች፣ ሐሳቧ ግን ወደ ግዝቱ ሄደ። ግዝቱ ምን ይላል? እጅህን አንስተህ ለሰው የማልክ እንደሆነ። አንስቷል። ለሰውም ነው።

ስትመለስ መንገዱ አልገፋ አላት። ልደብቀው ይሆን? አልማለም ልበላቸውና ይረፉ? ስሜነሽ ክንዷን ይዛ «ምን ልትነግሪያቸው ነው?» አለቻት። ባሏን ከአጥሩ ሥር፣ እዚያው ትታቸው በሄደችበት ቦታ አገኘቻቸው፤ ፊታቸውን ስታይ ደግሞ መዋሸት አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሜዳው ላይ የሆነውን፣ የፈታውን ስካርፍ፣ እጠብቃለሁ ማለቱን፣ የአሮጊቷን ጩኸት፣ የተነሳውን እጅ። ስትጨርስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

ቄስ ኃይለ ማርያም አንድ እርምጃ ቀረቧት።

«አሮጊቷ ተርፈዋል?» አሉ።

«ተርፈዋል አሉ።»

ጋቢያቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። «እኔ የፈራሁት እጁን ለሚያጠፋው ሰው እንዳያነሳ ነበር» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያለቀሱት ያኔ ነው፤ ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ ተሰምቶ ወንዶቹ ሮጠው መጡ። እሳቸው ግን ማንንም ሳያናግሩ የእጅ መስቀላቸውን ከወገባቸው አውጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረዱ። እታገኘሁ ተከተለች። መስቀሉን በልጃቸው መቃብር እርጥብ አፈር ላይ አጋድመው፣ ተንበርክከው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ። እኔም ፈትቼሃለሁ። አንተም ፍታኝ» አሉ፤ ደጋግመው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ። ከታች የምዕመናኑ ዝማሬ ይሰማል። እታገኘሁ ጆሮዋን ወደ አፈሩ አዘንብላ አዳመጠች። ምን እንደጠበቀች አታውቅም።

በማግሥቱ፣ የሳልስቱ ዕለት፣ ልጆቹ መጡ። ከቁልቁለቱ በኩል በሰልፍ፣ ካኪ ለብሰው፣ አረንጓዴ ስካርፋቸውን አስረው ብቅ ሲሉ በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ ጠፋ። አንዲት እናት ልጇን አይታ «ውይ፣ አስፈጀን» ብላ አፏን ያዘች። አዝመራው መግቢያው ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ መንደሩ የማያውቀው አንድ እንግዳ ሰው አለ። ልጆቹ ሁለቱን ሲያዩ ቆሙ። ፅናት ከፊት ነበረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ቄስ ኃይለ ማርያም ተነስተው በሰዎቹ መሐል አልፈው ሄዱ።

«አዝመራው፣ ልጄ ለማን እንደማለ ጠይቀህ ነበር።»

«አባታችን፣ እኔ እኮ…»

«ልጄ የማለው ለአንዲት አሮጊት ነው። ትቼዎት አልሄድም ብሎ። ሌላ መሐላ የለውም። ለላከህም ንገር፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ አለሁ።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ግቡ። ቤታችሁ ነው።»

አዝመራው ከመግቢያው ዞር አለ። እንግዳው ሰው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ የሚያልፉትን ልጆች ፊት አንድ በአንድ ያይ ነበር፤ እንደሚያጠና ሰው። እታገኘሁ አየችው። ነገ ምን ይመጣ ይሆን አለች በልቧ፤ ቢሆንም ተነሳች።

ሐዘንተኛ አያስተናግድም። ሴቶቹ «ኧረ አንቺ ቁጭ በይ» እያሉ ቢይዟትም ከእጃቸው ወጥታ፣ ከእሳት በወረደ ንፍሮ የተሞላውን ሳህን አንስታ ወደ ልጆቹ ሄደች። ሳህኑ ስለከበዳት ንፍሮው ሰሌኑ ላይ ይፈስ ጀመር። ቄስ ኃይለ ማርያም መጥተው ሳህኑን ከሥር ደገፉላት። እሳቸው ይዘው፣ እሷ እየዘገነች፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው አለፉ። ልጆቹ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉ። ፅናትም የተጠቀለሉ መዳፎቿን ዘረጋች፤ እታገኘሁ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችላት።

ሰልፉ አለቀ። የእታገኘሁ እጅ ግን አንድ ልጅ የቀረ ይመስል ደግሞ ወደ ሳህኑ ወርዶ ዘገነ። ወደ ጎን ዞረች፤ እጁን የዘረጋ ማንም አልነበረም። ባሏ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። እሷ ጣቶቿን በትኩሱ ንፍሮ ላይ አጥፋ ጨበጠች፤ እስኪቀዘቅዝም ድረስ አልዘረጋቻቸውም።