የጉድጓዱ ጭቃ

ለመንገደኛ ዕቃ ሲሰጥ ቀላልና ንጹሕ አድርጎ መስጠት የአገራችን ወግ ነው። እርጥብ ነገር አስይዞ ሰውን የሚያስቸግር ስሙ በደግ አይነሣም። እንግዲህ ብፅዓትን ጉድ የሠራት ይኸው ጨዋነት ነው።

ብፅዓት ለንደን የዶክትሬት ተማሪ ናት። የምታጠናው ዩራኒየም ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ነው። አየር አይወዱም እንጂ ተአምረኞች ናቸው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ዩራኒየም አጠጥረው ከሥር ያስቀሩታል። ጉድጓዱ አክስቷ እትዬ ጸዳለ መንደር ዳር ነው፤ መርዛማ ውሃው ወደ ወንዛቸው ይገባል። "ከወንዙ አትጠጡ" ካለቻቸው ወዲህ የመንደሩ ሰው ዳገት ወጥቶ ከሩቅ ምንጭ ይቀዳል። የሌላ አገር ባክቴሪያ ብትሞክር በዚያ ውሃ አልኖር አላት። የቀራት የጉድጓዱ የራሱ ጭቃ ነበር፤ ጉድጓዱን ደግሞ ባለፈው ወር በሲሚንቶ ደፈኑት። ውሃው ግን ከሥር እየሾለከ ወንዙ ውስጥ መግባቱን አልተወም። ከመደፈኑ በፊት እትዬ ጸዳለ ያወጡት ጭቃ ብቻ ተረፈ፤ ሌላ የለም።

ያመጡላት ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ዌምብሊ ነው የሚኖሩት። ከአገር ቤት በተመለሱ ማግስት፣ ፓርክ ሮያል ያለው ሥራቸው ሳይገቡ፣ እሷ ወደምትኖርበት ቶተንሃም ድረስ በባስ መጡ። የደግነታቸው ነገር!

"አክስትሽ እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!" አሉ ገና በሩ ላይ። "እኔ ኪሎ ይበዛብኛል ብዬ ስሰጋ፣ ገለባ አድርገው ሰጡኝ።"

ብፅዓት የጠበቀችው እስከ አፉ እርጥብ ጭቃ የተሞላ ጠርሙስ ነበር። የተቀበለችው ፌስታል ነው። ስትፈታው እንደ ሽሮ የላመ ቀይ ዱቄት ሆነ። ክው አለች። እዚያው ቆማ አገር ቤት ደወለች።

"ደረሰሽ የኔ ልጅ?" አሉ እትዬ ጸዳለ። "ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከዚያ አመስ አመስ አድርጌ በወንፊት ነፋሁት። ትል ተገኝቶበት ፈረንጆቹ ፊት እንዳታፍሪ! አየር እንዳይገባው ብለሽ የለ? በሦስት ፌስታል ነው የቋጠርኩት።"

አምሰውታል! አንዲት ነፍስ አልተረፈችበትም። ብፅዓት መሳቅም ማልቀስም አማራት። ደግሞ ያንን ዩራኒየም ያለበት አቧራ ሲነፉ ስንቱን ሳቡት ይሆን? "ምነው እትዬ?" እንዳትል ወገባቸው እስኪቆረጥ ለፍተዋል፤ እንዲህ ላለ ሰው ወቀሳ ከየት ይመጣል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፉልኝ" አለች።

"ታዲያ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?"

"እትዬ... ይቆያል።"

"ይቆይ፣ ምን ቸገረ! እኔ እንደሆን ልጄ ውሃውን ልታድነው ነው ብዬ ለአገሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ያ ዳገት ሰዉን ጨርሶት ነበር። ጭቃው የሄደ ዕለት ተገላገልነው፤ ይኸው ከወንዙ እየቀዳን ነው።"

"በማርያም እትዬ፣ አትጠጡ! ምንም አልሠራሁም! ምንም የለም!"

ጋሽ መኩሪያ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ጸዳለ ግን ሳቁባት።

"አይ ልጄ! ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ። አንቺ እያለሽልን ምን እንሆናለን?" አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ "እስኪ ውሃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።"

ጣሳው ከእንስራው ሲጋጭ ተሰማት። ብፅዓት ስማቸውን እየጠራች ጮኸች። እሳቸው ግን ለመጠጣት ስልኩን ከጆሯቸው አርቀውት ነበር።