ወይዘሮ ትርንጎ ቤት የሚያርፈው ነጎድጓድ

ዶክተር አስራደ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የሒሳብ መምህራቸው አንድ ደንብ በቃላቸው አስያዟቸው፦ «ያልተረዳሁትን ተረዳሁ አልልም።» በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በሐምሌ ወር፣ ነጎድጓድ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ማረፍ ጀመረ።

በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኅቱ መብረቅ ካለፈች በኋላ፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ይገባና በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ወይዘሮዋ ጆንያ እየሰፉ ያጫውቱታል። ዝናቡ ሲያባራ አመስግኖ ይሄዳል።

ነገሩ የዶክተሩን አንጀት አቃጠለው። ስለ ነጎድጓድ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የጻፉት እርሳቸው ናቸው፤ ወይዘሮ ትርንጎ ግን የሚፈርሙት እንኳ በጣት አሻራ ነው። በረንዳቸው ላይ ባለመደገፊያ ወንበር አወጡለት፤ ትራስም አደረጉበት። ነጎድጓዱ ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ በወንበሩ አጠገብ እያለፈ ወደ በርጩማው ሄደ። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ሦስቱን ቅጾች ታቅፈው ተከተሉት።

«ይግቡ ዶክተር፤ ጭቃውን ግን ያራግፉ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ዶክተሩ ቆመው አነበቡ። መብረቅ አየሩን በድንገት ታግለዋለች፤ የጋለው አየር በኀይል ይለጠጣል፤ ድምፅ ከብርሃን ስለሚዘገይ ኋላ ይሰማል። ነጎድጓዱ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠ።

«ልክ ነው። አንድም ስሕተት የለበትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? እኚህ ሴት ስለ አንተ ምን ያውቃሉ?»

«እትዬ ትርንጎ ‹ሁልጊዜ እኅትህ ከሄደች በኋላ ነው የምትደርሰው?› ብለው ጠየቁኝ። ‹አዎን› አልኋቸው።»

«እኔም ባሌ ሲቀበር አልደረስሁም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው የገባሁት። ሌላ ምንም አላወራንም። ደግሞ ዶክተር፣ በሰው እንግዳ ይቀናል እንዴ?»

ዶክተር አስራደ ለትምህርትም ሆነ ለቀብር በዕድሜያቸው አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ነገር ግን በርጩማውን አዩና ቅናት አሸነፋቸው።

«መዘግየትን እኔም እረዳለሁ፤ እንዲያውም ከእርሳቸው አብልጬ።»



«እንግዲያውስ ድርሻዎን ይውሰዱ» ብሎ ነጎድጓዱ ተነሥቶ ወጣ።

ዶክተሩ ሊያስቀሩት አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ነጎድጓዱ ዞር ሳይል ከዐይን ተሰወረ። ዝናቡ አባራ፣ ሰማዩም ጠራ፤ ሰዎች ልብሳቸውን ደጅ አሰጡ። ወይዘሮ ትርንጎ አንድ ጆንያ ሰፍተው ሁለተኛውን ሲያነሡ፣ «ቆይ! አትሂድ!» የሚል የዶክተሩ ድምፅ ከተራራው ማዶ ተንከባልሎ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፣ አንድ በአንድ የተሰጣውን ልብስ ማስገባት ጀመሩ።