የክሬኑ ሱሪ

ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ወገብ ከሐኪም ቀድሞ ለእኔ ይናገራል። ይህን ያወቅኩት ግን ረፍዶ ነው። የባለቤቴን ሱሪ በአንድ ዓመት ሦስቴ ሳጠብብ «ሸንቀጥ ብለሃል፣ ጎረምሳ መሰልክ» እያልኩ እስቅበት ነበር፤ ለካ ስኳር ውስጥ ውስጡን እየጨረሰው ኖሯል! እኔ ሞኟ የማየው ስፌቱን ብቻ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ፣ ቤት ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ከሱቄ ጎን ክሊኒክ ከከፈተችው ሐኪም ጋር ተዋዋልን። እኔ የሠራተኞቿን ጋውን በነፃ እሰፋለሁ፤ እሷ ደግሞ አቅም የሌለውን ሰው፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስልኬን ጽፌና ፈርሜ ከላክሁላት፣ በነፃ ታያለች። ደንበኞቼ «ልብስ ልታሰፋ ሄደህ በሽታ ይዘህ ትመለሳለህ» ብለው ያሙኛል። ይሙኝ! አንዳንዶቹ ጭራሽ ቀሩ።

ታዲያ ክሬኑ የምንለው የገበያው ተሸካሚ ሱሪውን ለሦስተኛ ጊዜ አመጣ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳው ሰውዬ ከስቶ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ደነገጥኩ።

«ውሃ ይጠማሃል?»

«ፀሐይ ላይ ውሎ የማይጠማው ማን አለ፣ እትዬ?»

«እንካ ይህን ጨርቅ፣ ከጎን ግባ።»

«ሱሪ አጥብቢልኝ እንጂ አስመርምሪኝ አልኩሽ?»

«ሳትመረመር መርፌ አላነሳም!»

ወደ መንገዱ ዞረ። «ታመሃል ቢሉኝስ? ማን ውሃ ሊያቀብለኝ? ባላውቀው ይሻለኛል።»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ክፉ አመል ነው። «እንግዲያው ሱሪህ እዚሁ ይቀራል!» ብዬ ጮህኩበት። ጨርቁን በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ሱሪውን ትቶ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ ዝር አላለም። የሚያጫውተኝ አንድ ደንበኛ ነበር፣ እሱንም በአፌ አባረርኩት። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፤ ለአንድ ሰው ማን ገበታ ያቀርባል? ማሽኑ ባይንጫጫ ኖሮ ድምፅ የሚባል ነገር አልሰማም ነበር። ቢሞትስ እያልኩ ስፌት እስታለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የክሊኒኩ ነርስ በሬ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ወንድም እንዳለዎት መቼ ነገሩን?»

«ምን ወንድም? እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ!»

የክሬኑን ካርድ አሳየችኝ። «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ላይ «እህት» ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስልክ ነው። «ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ በመርፌ ነው፤ አብሮት የሚማር፣ የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። ዘመዱ ካልሆኑ ግን…»

«ነኝ እንጂ! ወንድሜ ነው!» አልኩና ሱቁን ሳልዘጋ ተከተልኳት።

ክሬኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ አቀረቀረ።

«ስልክ ሲጠይቁኝ ሌላ የማስጽፈው ሰው አጣሁ። ይቅርታ፣ እትዬ።»

ልቆጣው ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ። እኔም ታምሜ ብጠየቅ የማስጽፈው ሰው አልነበረኝም።

«ያንተስ ቁጥር ስንት ነው?» አልኩት።