የመርፌ አዲስ ዳሌ

ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» ነበር የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀጭን ናት፤ ምላሷም ይወጋል። ዳሌዋን ያማት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሷ ግን «ብርድ ነው» ትላለች። በጠራራ ፀሐይም ብርድ ነው። ጎንበስ ብላ የሱሪ ጫፍ መለካት ሲያቅታት ዘዴ ፈጠረች፦ ደንበኛውን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ታወጣውና ቆማ በስፒል ትይዝለታለች።

አንድ ቀን ዘንካታ ሙሽራ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ጭንቅላቱ አምፖሉን አደቀቀው።

«እማማ፣ ሰርጌ ቅዳሜ ነው። ከነግንባሬ ልድረስ እባክዎ!» አለ።

መርፌ ከት ብላ ሳቀች። ስብርባሪውን ልትለቅም ዝቅ ስትል ግን ጠረጴዛውን እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ሙሽራው ደግፎ አስቀመጣት፤ ሱቋንም ጠርጎላት ሄደ። ይህን የሰማችው ታላቅ እህቷ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ በማግስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሙ ራጁን አሳያት። «በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ሽፋን አልቋል። አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው።»

«ክኒኑስ?»

«ያስታግሳል እንጂ ያለቀውን አይመልስም። ማታ ሕመሙ ያስተኛዎታል?»

«የት አባቱ!»

«ጫማዎን ማን ያስርልዎታል?»

መርፌ ነጠላ ጫማዋን አየች። «ማሰሪያ ያለው ከተውኩ ቆየሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሐኪሙ መገጣጠሚያውን በቀዶ ጥገና በሰው ሠራሽ መቀየር እንደሚቻል ነገራት፤ ምንም አልደበቃትም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ደም ሊረጋ፣ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው በደህና ይወጣዋል፤ ለማገገም ወራት ይፈጃል። «ውሳኔው የእርስዎ ነው» አላት።

መንገድ ላይ የእህቷን ክንድ ያዘች። «እትዬ፣ ብሞትስ?»

«አምና የጀመርሽውን ቀሚሴን ሳትጨርሺ? አርፈሽ ተቀመጪ!»

እየሳቀች ወሰነች። የቀዶ ጥገናው ዕለት፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን ሲወጓት፣ «መርፌን በመርፌ!» አለች። ለሐኪሙም፣ «አደራ ዶክተር፣ ጠርዙን አሳምረው ይዝጉት። የተንሻፈፈ ስፌት አልወድም» አለችው።

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባለአራት እግር መደገፊያ ይዛ መጣች። «እንነሳ እማማ።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ትናንት አይደል እንዴ የተቀደድኩት?»

ተነሳች። ቁስሉ ያቃጥላል፤ ያ የሚፋጨው፣ የሚያንገበግበው ነገር ግን የለም። እግሯን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አደረገችና እንባዋ መጣ።

መርፌ ከሐኪም ቤት ስትወጣ እህቷ ጓዟን ጠቅልላ እሷ ቤት ገባች። እግር ማቆላለፍ ክልክል፣ ዝቅ ያለ ወንበር ክልክል፣ መሬት የወደቀ ማንሳት ክልክል፤ ሲተኙ በጉልበቶች መሃል ትራስ። አስተማሪ አይደለች? ከማድ ቤት ሆና «እግር!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሳይቀር እግሩን ይሰበስባል። ሶፋው ዝቅተኛ ነው ብላ ኮሪደር አስወጣችው፤ ጠያቂ ሁሉ ቆሞ ጠይቆ ሄደ።

ሁሉም ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። እግሯ ያበጠባትና የታዘዘላት የእግር እንቅስቃሴ ያንገሸገሻት ሰሞን መርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ምነው ባልነካካሁት!»

እህቷ ሄዳ ሌላኛው አልጋ ላይ ተጋደመችና የራሷን እግር ወደ ላይ አነሳች። ጉልበቷ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ?»

«ዝም ብለሽ አንሺ!»

መርፌም አነሳች። ቋ፤ ሳቅ፤ ደግሞ ቋ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አብረው ይሠሩ ጀመር።

መደገፊያው በከዘራ ተተካ፤ ሐኪሙ አይቶ ሲፈቅድላት ከዘራውም ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት መናፈሻ ወጡ። ገና ከመጀመራቸው እህቷ ቁና ቁና እየተነፈሰች አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች።

«ተነሺ እንጂ፣ ሐኪሙ ተራመዱ ብሏል!»

«አንቺን ነው ያለው!»

መርፌ ብቻዋን ዞረች። ስትመለስ እህቷ አፏን ከፍታ አንቀላፍታለች። ሳትቀሰቅሳት ሌላ ዙር ጨመረች።