የአሥራ ስምንቱ ዳኛ

ሀይረዲን በአቃቂ በሰቃ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። በሚሊኒየሙ ማግስት የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኖ ሲመረጥ ደረቱን ነፋ። ልጆች ከትምህርት እየቀሩ የሚጎርፉበትን የዘካሪያስን ጌም ቤት አይተህ ደንብ አውጣለት ተባለ።

ዘካሪያስ ሲዲዎቹን ደረደረለት። በአንዳንዶቹ ሽፋን ላይ የተጫዋቹን ዕድሜ የሚገድብ አሥራ ስምንት ቁጥር አለ።

«ይሄ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ሰባት ዓመት ሲቀነስ አሥራ አንድ ይሆናል» አለ ዘካሪያስ።

ሀይረዲን፣ ነጋዴ ነኝ ባዩ፣ በልቡ መቀነስ ጀምሮ ነበር። «ዕድሜ ምን ካላንደር አለው!» ብሎ ሲቆጣ እንኳ የተቆጣው በራሱ ነው።

ደም የሚፈስበት ጨዋታ ሲከፈት አሥራ ስምንት ያልሞላው ደጃፉን እንዳያልፍ ደነገገ። የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሐናንንም አስጠነቀቃት። ከኮሚቴው ሁሉ ይልቅ የሚፈራው የእሷን ዓይን ነበር፤ አባቷ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆኑን እንድታይለት ይፈልጋል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጨዋታዎቹን ሊመረምር ገባ። መጀመሪያ ጆይስቲኩን ገልብጦ ያዘ። ስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ከግድግዳ ጋር እየተላተመ ሞተበት። «ይሄማ ለልጅ አይሆንም» እያለ ሁለተኛውን ደረጃ ጀመረ፤ «አይሆንም» እያለ አምስተኛው ላይ ደረሰ።

«ጋሽ ሀይረዲን፣ ምርመራው አላለቀም?» አለ ዘካሪያስ።

«ነገር ሳይጣራ አይፈረድም!»

ሹመት ያዳብር! ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድበው አልሰማም። ከደጅ የጠራውን ድምፅ ግን «አንዴ ቆይ፣ ልጨርስ!» ብሎ መልሶታል።

መብራት ጠፋ። እየተነጫነጨ ሲወጣ ሐናን ከአናቷ እስከ እግሯ በስብሳ ቆማለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«መቼ መጣሽ?»

«ዝናቡ ሳይጀምር። እማዬ ምሳ ቀርቧል ጥሪው ብላኝ።»

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

«ደም እየፈሰሰ ነበራ።»

ሀይረዲን የሚገባበት ጠፋው። ኮቱን አውልቆ ጠቀለላትና አዝሏት በጭቃው ሮጠ። ደንቡን ያከበረችው እሷ፤ የተቀጣችውም እሷ። በኮቱ ውስጥ መንቀጥቀጧ ወገቡ ድረስ ይሰማው ነበር።

ሰኞ ኮሚቴው ውሳኔውን ጠየቀው።

«ልጆቹስ ደንብ ያከብራሉ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ዘበኛ የምትቀጥሩ ከሆነ እኔን የሚከለክል ቅጠሩ።»