በጉንቮር በኩል የሚያልፈው ቱቦ

ኦድቫር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ክሊኒኬ የመጡት የመተንፈሻ ማሽናቸውን ግፊት ዝቅ እንዳደርግላቸው ነበር። በኖርዌይዋ የቦዶ ከተማና በደሴቶቹ መካከል የሚመላለስ ጀልባ ካፒቴን የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጉሮሯቸው ይዘጋና ትንፋሻቸው ይቆማል። በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሯቸውን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ምን ያህል ይንፋ የሚለውን የምወስነውም እኔ ነኝ።

«ስምንት ላይ አድርግልኝ» አሉ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ። «በአሥራ አንድ እኮ እንደ መርከብ ሸራ ነፋኸኝ።»

«በስምንት ያንኮራፋሉ። ባለፈው ዘጠኝ ላይ ባደርገው ምን ሆነ?»

መልሱን ያውቁታል። ባለፈው ባለቤታቸው ጉንቮር ማንኮራፋቱን በግድግዳ ማዶ ሰምተው፣ ጠዋት ቁርስ ላይ «ተመለሰብህ» ብለዋቸዋል፤ ስለዚህ ወደ አሥራ አንድ መለስኩት። ጉንቮር ካቻምና ትራሳቸውን ይዘው ልጃቸው ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገቡ፤ እዚያው ቀሩ።

«አልተጣላንም» ብለውኝ ነበር ኦድቫር በመጀመሪያው ቀን። «ካልረበሽኳት ትመለሳለች።»

ማሽኑ እንደሚያሳየው ጭምብሉን እስከ እኩለ ሌሊት ያደርጉና ያወልቁታል። እስኪያወልቁት ድረስ ግን በአሥራ አንድ ግፊት ትንፋሻቸው አይቋረጥም። ግፊቱ ልክ ነው፤ ያስቸገራቸው ሌላ ነገር ነው።

«የሚያወልቁት ምን ተሰምቶዎት ነው?»

«ውሃ። ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ላይ ኖሬ ሳልሰጥም፣ አልጋዬ ላይ ልታሰጥመኝ ነው?»

«የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ማን ዘግቶ ይተኛል?»

እውነታቸውን ነው። እኛ የዚህ አገር ሰዎች በጥር ብርድም ቢሆን መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው፤ ለዚህም ይመስለኛል ቀደም ብዬ መጠየቁ ያልታየኝ። ማሽኑ የሚልከው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ወደ ጭምብሉ የሚያደርሰው ቱቦ በብርዱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ወደ ፊታቸው ይመጣል።

«እንግዲያው ይዝጉት።»

ጓንታቸውን አገላበጡ። «ጉንቮር በተዘጋ ክፍል ትታፈናለች።»

«እሳቸው እዚያ አይተኙም እኮ።»

«አዎ፣ አትተኛም። ብትመጣስ? መጥታ ተዘግቶ ብታገኘው?»

«ቱቦው በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«በእሷ በኩል፣ በምትተኛበት ጎን። ሶኬቱ እዚያ ነው።»

«ብርድ ልብሳቸው አልጋው ላይ አለ?»

«የት ይሄዳል? የእኔን ባጠብኩ ቁጥር የእሷንም አጥባለሁ።»

«ቱቦውን ከሱ ሥር ያሳልፉት፤ እንደሞቀ ይቆያል። መስኮቱ ክፍት ይሁን። ግፊቱም አሥራ አንድ ላይ ይቆይ።»

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ጭምብሉ በየቀኑ ሳይወልቅ አድሯል።

«ጉንቮርስ መጡ ታዲያ?» አልኳቸው።

«አንድ ጠዋት ስነቃ በር ላይ ቆማለች። ድምፄ ሲጠፋባት የሞትኩ መስሏት ነው።» ፈገግ አሉ። «አፌ በጭምብል ተሸፍኗል፣ ምን ልበላት? እጄን አነሳሁላት። አየችኝ፣ አየችኝና ሄደች። በሩን ግን አልዘጋችውም።»

ቀጥለው፣ በሩ ክፍት ከሆነ የማሽኑ ድምፅ ጉንቮር ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ማሽን አሥራ አንድ ላይ አድርጌ አስነሳሁት። በሩን ክፍት ትተን ወጣንና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆምን።

«ይሰማሃል?»

«በጣም ትንሽ።»

ጆሯቸውን ወደ ክፍሉ አዘነበሉ። «ይህ አያባርራትም» አሉ፤ ላጠፋው ስራመድ ደግሞ ክንዴን ያዙኝ። «ተወው፣ ትንሽ ይቆይ። እሷ የምትሰማውን ልስማ።»