የዘበኛዋ ልጅ

«ትንሽ ጋደም ብትዪስ?» አላት ወንድሟ፣ የሻይ ትሪውን ከእጇ ሊቀበላት እየሞከረ።

ስፌተኛዋ ራሷን ነቅንቃ ትሪውን ለእንግዶቹ አዞረች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ቤቱ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ነበር የሚውለው። እሷም ወንበር ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች። ዓይኗ ደም መስሏል እንጂ አንዲት እንባ አልወጣትም። ይህን ደግሞ ልብ ያላለ ሰው አልነበረም። በመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የአክስቷ ልጅ፣ ማስታመሙ አንገፍግፏት ስለነበር ሞቱ እፎይታ ሳይሆንላት አይቀርም እያለች ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰምታለች። አልተቀየመቻትም። ቂም መያዝም አቅም ይጠይቃል።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለቀብሩ ከመንገድ ደርሶ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሰው ጮክ ብሎ አልቅሶ ወጥቶለታል። ያን ዕለት ማታ በደብሩ ቤተ ክርስቲያን ለእናታቸው የሌሊት ጸሎት እንደሚደረግ ቄሱ ልከው ነበርና፣ አንቺ ቅሪ፣ እኔ ስለሁለታችንም አድራለሁ አላት።

«የእሷ ልጅ ሆኜ?» አለችው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

እናታቸው በመንደሩ «ዘበኛዋ» ትባል ነበር። የሌሊት ጸሎት በሆነ ቁጥር ከኋላ ረድፍ ትቀመጥና፣ አንገቱ ዘንበል ያለውን ሁሉ በጃንጥላዋ ጫፍ ጎኑን ትወጋዋለች። አንድ ሌሊት ቄሱን ራሳቸውን በሐሰት ሳል ቀስቅሳቸዋለች ይባላል፤ እሳቸውም አይክዱም። «ለእንቅልፍ መቃብር አለ፤ እዚያ ማንም አይቀሰቅሳችሁም» የምትል ሴት ነበረች። ለልጆቿም አትራራም። ስፌተኛዋ በልጅነቷ ዳዊቱ መሀል ሲያሸልባት፣ ውርጭ የመሰለ ጣት ማጅራቷ ላይ ያርፋል፤ ዘላ ትነሳለች።

ኋላ ዘበኛዋ ታመመች። ከወገቧ በታች አልታዘዝ ሲላት፣ ልጇ የስፌት መኪናዋን ከሱቋ አስነስታ ከአልጋው አጠገብ ተከለችው። ቀን ትሰፋለች፣ ሌሊት ታገላብጣታለች። አሮጊቷ እግሯ ቢከዳትም ምላሷ አልከዳትም። «እጅሽ ከጨርቅ ሌላ መያዝ አያውቅም!» ትላታለች ስታዞራት።

«ጨርቅ አይሳደብማ» ትላለች ልጅቱ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ወራት ሲደራረቡ ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ልጅቱ መርፌ እንደያዘች፣ ማንኪያ እንዳነሳች ማንቀላፋት ጀመረች።

በመጨረሻው ሌሊት አንድ አፍታ ልረፍ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስትነቃ ነግቷል፤ እናቷ ቀዝቅዛለች። ሰው ሲጠይቃት «በሰላም አረፈች» ትላለች፤ እንዴት እንዳረፈች ግን አላየችም። ጠርታኝ ይሆን? ውኃ ፈልጋ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከደን ባደረገች ቁጥር ይህ ጥያቄ ብድግ ያደርጋታል።

በጸሎቱ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ይበርዳል። ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ቄሱ ዳዊቱን ጀመሩ፤ ሕዝቡ ተቀበላቸው። ስፌተኛዋ መዳፏን በጥፍሯ ወጋች። ከንፈሯን ነከሰች። ሻማዎቹን አንድ በአንድ ለማየት ሞከረች፤ ሻማዎቹ ግን እርስ በርስ ተዋሃዱባት፤ ድምፁም ከወንዝ ማዶ እንደሚመጣ ሁሉ እየራቀ ሄደ።

ስትነቃ በመስኮቱ ብርሃን ገብቷል። ሻማዎቹ ጠፍተዋል። ሌላ ሰው የለም። ራሷ የዳቦ ጋጋሪዋ ትከሻ ላይ ነው፤ የሴትዮዋ ካፖርት ለብሳለች።

«እትዬ፣ ተኛሁ እንዴ?»

«ተኛሽ።»

«በእናቴ ጸሎት ላይ? ምነው ዝም አልሽኝ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። የአክስቷ ልጅ ልትቀሰቅሳት እጇን ዘርግታ ነበር፤ እሷ ናት የመለሰቻት። ቄሱም አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ሕዝቡም እንደ እሳቸው በሹክሹክታ ሲቀበል አደረ። ወንድሟ ልሸከማት ቢልም ዳቦ ጋጋሪዋ አልሰማችውም፤ ቤቱን ክፈት ብላ አስቀደመችው።

ከዚያ ካፖርቱን ስፌተኛዋ ላይ አስተካከለች።

«የምነግርሽ አለኝ፣ ልጄ። እናትሽ ባረፈችበት ሌሊት ምድጃዬን ላነድ ስወጣ መብራታችሁን አየሁ፤ ገባሁ። አንቺ ወንበሩ ላይ ተኝተሻል። እናትሽ ነቅታለች። ልቀሰቅስሽ ስጠጋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ‹ተያት› አለችኝ። ‹ሰው ቢያስፈልግስ?› ብላት፣ ‹እኔ ነቅቼ የለ?› አለችኝ።»

«እሷ?»

«እሷ። አንቺን ነበር የምታይሽ። ስወጣም ዓይኗን ካንቺ አልነቀለችም።» ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቀስቅሰሽኝ ቢሆን እደርስላት ነበር ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ።»

ከውጭ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ዳቦ ጋጋሪዋ በይ እንሂድ ብላ ልትነሳ አግዳሚውን ያዘች፤ ክንዷ ግን እምቢ አላት። ሌሊቱን ሙሉ ሸክም ስለነበረባት እስከ ጣቷ ድረስ ደንዝዟል። ምንም አይደል ብላ ሳቅ ለማለት ሞከረች።

ስፌተኛዋ መልሳ አስቀመጠቻት። የደነዘዘውን ክንድ ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ በሁለት እጇ ከትከሻው ጀምራ ወደ ታች ታሸው ገባች፤ ቀስ እያለች፣ ጠበቅ እያደረገች። ክርኑ ጋ ስትደርስ እንባዋ ወረደ። አገጯ ላይ ተጠራቅሞ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። ለመጥረግ ብላ ግን ክንዱን አልለቀቀችውም።